የካምፑ ናፍጣ በ20 ቀን ለምን ያልቃል?

በአንድ ካምፕ የስምሪት ክፍል ውስጥ የሚሠሩ መቶ አለቃ ከጎጃም እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል።

«ሁለት የሰርቪስ አውቶቡስ፣ አምስት ፒካፕ፣ አንድ አይሱዙና አንድ አምቡላንስ አሉን። ለወር የሚመደብልን ናፍጣ በ20ኛው ቀን ያልቃል። ከዚያ በኋላ የታመመ ሰው ለማድረስ እንኳ ነዳጅ ከሌላ ክፍል እንለምናለን። ከበሩ እስከ መኖሪያው 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። ከተማው 7 ኪሎ ሜትር ይርቃል። አውቶቡሶቹ ጠዋትም ማታም ሰው እስኪሞላ ድረስ 40 ደቂቃ ያህል ሞተራቸው አይጠፋም። ከጠፉ በግፊ ነው የሚነሱት። አሁን አለቆቼ የረጅም ጊዜ የትራንስፖርት ዕቅድ አዘጋጅ፣ ኤሌክትሪክ አውቶቡስ መግዛት ያዋጣ እንደሆነም አጥና ብለውኛል። ችግሩ የመኪኖቹ እርጅና ነው? ወይስ ሾፌሮቹን ልቆጣጠር? ከየት ልጀምር?»

መቶ አለቃ፣ እኔም ሙያውን የጀመርኩት ጎጃም ውስጥ በአንድ ካምፕ ጋራዥ በሲቪል መካኒክነት ነው። ስለዚህ ያሉበት ጭንቀት ይገባኛል። ከየት ልጀምር ላሉት፣ ከደብተር ይጀምሩ። ከመኪና ግዢም ከሾፌር ቁጥጥርም በፊት።

አንድ ነገር ላጫውትዎ። በዚያ ካምፕ አንድ ፒካፕ ነበረች። ነዳጅ ትበላለች ተብላ ወደኔ መጣች። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች አውጥቼ አስፈተሽኩ። ናፍጣውን የሚገፋው ፖምፓ ተለካ። የአየር ፊልትሮ ቀየርኩ። ምንም ለውጥ የለም። ሾፌሩ መጠርጠር ጀመረ። ልጁ አልቅሶ ሊሞት ነበር። አንድ ቀን ደብተር ይዤ ከጠዋት እስከ ማታ በሩ አካባቢ ተቀመጥኩ። ፒካፗ ወደ ግምጃ ቤቱ 11 ጊዜ ተመላለሰች። ከ11ዱ 9ኙ ወረቀት ለማስፈረም ብቻ ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ወረቀት፣ 5 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ። ሞተሩ ሳይሞቅ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል። ያልሞቀ ናፍጣ ሞተር ደግሞ ከሞቀው በጣም ይበልጣል የሚበላው። የፊርማው ጠረጴዛ ወደ በሩ ሲዛወር ምልልሱ በቀን ሁለት ሆነ። የሾፌሩም ስም ጠራ። ሾፌር ከመጠርጠርዎ በፊት መዝገብ ይያዙ የምልዎት ለዚህ ነው።

ሁለት ሳምንት ይበቃል። እያንዳንዱ መኪና ሲወጣ ሰዓቱን፣ ወዴት እንደሄደ፣ ስንት ሰው ወይም ምን ዕቃ እንደጫነ፣ የተመለሰበትን ሰዓትና ኪሎ ሜትሩን ይጻፉ። አንድ ተጨማሪ ዓምድ ይክፈቱና «ቆሞ ሞተሩ የሠራበት ደቂቃ» ይበሉት። ይህ ዓምድ ያስደነግጥዎታል። መጀመሪያ ግን ኪሎ ሜትር ቆጣሪዎቹ መሥራታቸውን ያረጋግጡ። ቆጣሪው ከተበላሸ መዝገቡ ግምት ብቻ ነው የሚሆነው። የነዳጅ ፍጆታውንም በአይን ግምት አይያዙት። ታንከሩን አፉ ድረስ ይሙሉ፣ 100 ኪሎ ሜትር ይነዳ፣ እዚያው ቦታ ላይ አቁመው እንደገና አፉ ድረስ ይሙሉ። የገባው ሊትር እውነተኛው ፍጆታ ነው።

አሁን ስለ አውቶቡሶቹ። ትልቅ የናፍጣ ሞተር ቆሞ ሲሠራ በትንሹ በሰዓት 2 ሊትር ገደማ ይበላል። ጠዋት 40፣ ማታ 40 ደቂቃ ሲደመር 80 ደቂቃ ነው። ለሁለት አውቶቡስ በቀን ከ5 ሊትር ያልፋል። በወር 26 የሥራ ቀን ካለ 140 ሊትር ያህል ማለት ነው። አንድም ሰው አንድም ሜትር ሳይሄድ! ምክንያቱን ደግሞ እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል፤ ከጠፉ በግፊ ነው የሚነሱት። ሾፌሮቹ የማያጠፉት ሰንፈው አይደለም። ካጠፉት እንደማይነሳ ስለሚያውቁ ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ቮልት መለኪያ ይዘው ይሂዱ። የአውቶቡሶቹ ሲስተም ባለ 24 ቮልት ይሆናል። ሌሊቱን ያደረው ባትሪ 25 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት። ሲነሳ ከ19 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ብዙ ይስባል። ሞተሩ እየሠራ 27 እስከ 28 ካልደረሰ ዲናሞው ባትሪውን አይሞላም። ከሁሉ በፊት ግን የባትሪውን ጫፎች ያጽዱና ከባትሪው ወደ መኪናው ቦዲ የሚሄደውን ኬብል ይፈትሹ። ስንት ባትሪ ያለ ጥፋቱ እንደተጣለ እኔ አውቃለሁ። የሁለት ባትሪ ዋጋ ብዙ ነው ከተባልዎት 140 ሊትሩን አስልተው ያሳዩ።

ሾፌሮቹ «ብርድ ነው፣ መሞቅ አለበት» ይሉዎታል። የጎጃም ደጋ ብርዱ እውነት ነው። ግን ሞተር ቆሞ ከሚሞቅ ቀስ ብሎ እየሄደ ቢሞቅ ይሻለዋል። የፍሬኑ አየር እስኪሞላ ይጠብቁ፣ የዘይት መብራቱ ይጥፋ፣ ይበቃል። ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው መኪና ግን ከረጅም መንገድ ሲገባ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ይቀዝቅዝ እንጂ ወዲያው አይጠፋ።

ስለ እርጅናው የጠየቁት ልክ ነው፤ ግን ከፊሉ ብቻ ነው። እኛ ያለንበት ከፍታ ራሱ ሞተር ያስቸግራል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻ ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያን ያህል አየር ያጣል። ፖምፓው ግን ለቆላ እንደተስተካከለ ናፍጣውን ይለቃል። የማይነደው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ዳገት ላይ የሚያጨሱትን መኪኖች ቁጥር ጽፈው ፖምፓ ቤት ይላኩ። ለከፍታው ይስተካከሉላቸው። ጎማም በየሳምንቱ ይለካ፤ በባዶ ሆድ የሚሄድ ጎማ ናፍጣ ያባክናል፣ ቶሎም ያልቃል።

መዝገቡ ሲሞላ መኪኖቹን በሁለት ይክፈሏቸው። ለግዳጅ የሚፈለጉትንና አምቡላንሱን በዚህ ቁጠባ ውስጥ አያስገቧቸው። የእነሱን ናፍጣ ከወሩ ኮታ ላይ በመጀመሪያው ቀን ለይተው ያስቀምጡ። ማንም እንዳይነካው። የታመመ ሰው በ21ኛው ቀን ነዳጅ የሚለመንለት በመጨረሻ የተረፈው ስለሚሰጠው ነው። ዕቅዱ የሚመለከተው የአስተዳደር ጉዞውን ብቻ ነው። ሌሎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በ2014 በሎስ አንጀለስ ጣቢያው 42 መኪኖችን ወደ ኤሌክትሪክ ሲቀይር ለአጠቃላይ አገልግሎት የሚውሉትን ነበር የቀየረው።

ፒካፖቹ የሚመላለሱበትን መስመር ከመዝገቡ ያገኙታል። እርግጠኛ ነኝ፣ ከበር ወደ ግምጃ ቤት፣ ወደ ክሊኒክ፣ ወደ መኖሪያ ነው። እዚህ ላይ አንዱን አውቶቡስ በሰዓት የሚዞር ያድርጉት። ሰው ሞላም አልሞላም ሰዓቱ ሲደርስ ይነሳ። መጀመሪያ ሳምንት ባዶውን ይሄዳል፣ አይደንግጡ። ሰው አንድ ጊዜ ሰዓቱን ካመነው ፒካፕ መለመኑን ይተዋል። አንድ ቀን ቢቀር ግን እምነቱ ይሰበራል፤ ስለዚህ ለዚህ መስመር የሚመደበው ሾፌር ሰዓት የሚያከብር ይሁን። ወደ ከተማ የሚሄዱ ጉዳዮችንም በቀን ሁለት ጉዞ ላይ ይሰብስቡ፤ ለገበያ ቀን ለቤተሰብ አንድ ይጨምሩ። ካምፕ ስለሆነ ግን የሰዓት ሰሌዳው ውጭ በር ላይ አይለጠፍ፣ በስልክም አይዙር። ውስጥ ላሉት ብቻ ይታይ።

ለእግረኛውና ለብስክሌቱ ቦታ ይስጡ። 2 ኪሎ ሜትር ተኩል በእግር ግማሽ ሰዓት፣ በብስክሌት 10 ደቂቃ ነው። ባሕር ዳር ሕዝቡ በብስክሌት ሥራ ሲገባ ኖሯል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ለብስክሌትና ለእግረኛ የራሳቸው መስመር አለው። የእናንተ ካምፕ ላይ የሚያስቸግረው ክረምቱ ነው። መረሬ አፈር ላይ ሐምሌና ነሐሴ ብስክሌት አይደለም በቅሎም ትጣበቃለች። ስለዚህ መጀመሪያ የውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፈር፣ ከዚያ ጠጠር ይፍሰስ። ቦይ የሌለው ጠጠር በአንድ ክረምት ይዋጣል። ዳሩ ላይ ዋንዛ ይተከል፤ ጥላው ሰፊ ነው። መብራትም ያስፈልጋል። የማታ ተረኛ ነርሷ በጨለማ እንድትሄድ አይፈረድባትም። ብስክሌቶቹን ጥላ ስር የሚያስቀምጥ፣ ካላማዳሪያ የሚለጥፍ አንድ ልጅ ይመደብ። ያለ እሱ በስድስት ወር ውስጥ የብረት ክምር ይሆናሉ።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ። እኔ ይገዛ ባይ ነኝ፤ ግን ለዚያ ለሚዞረው መስመር። አገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፣ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ይታያል። መብራታችንም በአብዛኛው ከውሃ ነው። ጢስ ዓባይ እና 460 ሜጋዋት ያለው ጣና በለስ ሩቅ አይደሉም። የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ አየር አይተነፍስም፤ ከፍታው አይጎዳውም። ቁልቁለት ሲወርድም መልሶ ባትሪውን ይሞላል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ዙሩ 6 ኪሎ ሜትር ቢሆንና በቀን 10 ጊዜ ቢዞር 60 ኪሎ ሜትር ነው። መካከለኛ አውቶቡስ ለአንድ ኪሎ ሜትር 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። በቀን 60 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው፣ ሲሞላ ከሚባክነው ጋር 66 ይበሉት። በ10 ኪሎዋት ቻርጀር በ7 ሰዓት ያህል ይሞላል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሰክተው ማለዳ 11 ሰዓት ያነሱታል። ያን ጊዜ ካምፑ ብዙ መብራት አይጠቀምም። ይህንኑ ዙር አሮጌው አውቶቡስ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 30 ሊትር ቢበላ፣ በቀን 18 ሊትር ይፈጅበታል።

ከመግዛትዎ በፊት ግን ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ትራንስፎርመሩ ምን ያህል ትርፍ እንዳለው፣ መስመሩ ባለ ሦስት ፌዝ መሆኑን፣ የመሬት መስመሩም ደህና መሆኑን ያስለኩ። መብራት በሚጠፋበት ቀን አሮጌው አውቶቡስ ተተኪ ሆኖ ይጠብቅ። በናፍጣ ጄኔሬተር አውቶቡስ ለመሙላት አይሞክሩ፤ ናፍጣውን በሌላ በር ማባከን ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን መኪና ለጊዜው በናፍጣው ይተዉት። የዓባይ በረሃ ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ መውጣት አለ። ለዚያ ሾፌር አንድ አደራ ይንገሩልኝ። ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ በፍሪ፣ ማለትም ማርሽ አውጥቶ፣ እንዳይወርድ። በዛሬ ሞተር ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ ከተነሳ ናፍጣው ራሱ ይቋረጣል። በፍሪ ሲወርድ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይበላል፣ ፍሬኑም ይቃጠላል።

ከሻጩ ጋር ሲዋዋሉ የመለዋወጫና የሥልጠናውን ነገር በጽሑፍ ያስገቡ። ሥልጠናው እስኪያልቅ የጋራዡ ልጆች ብርቱካን ቀለም ያለውን ኬብል እንዳይነኩ ይከልክሉ። በዚያ ውስጥ የሚያልፈው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። በ24 ቮልት የለመደ እጅ ጨክኖ ይገባበታል። እኔም ብሆን ሳልሠለጥን አልነካውም።