«ሀንከር ዳውን» ቁጢጥ በሉ ነው? መምህሩን ጠይቁ

የሂውስተኑ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? እዚህ አውሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ «ሀንከር ዳውን» ይለናል። መዝገበ ቃላት ባይ «ቁጢጥ ማለት» ይላል። ንፋሱን ቁጢጥ ብለን ነው እንዴ የምናሳልፈው?

መምህር፦ እንኳን ጠየቅህ፤ ይሄን ቃል እወደዋለሁ። መዝገበ ቃላትህ አልዋሸም። ግሱ የስኮትላንድ ነው፤ ከ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ ተጽፎ ይገኛል። እዚያ «ሀንከርስ ላይ መቀመጥ» ማለት ጉልበትን አጥፎ፣ ቂጥ መሬት ሳይነካ ተረከዝ ላይ ማረፍ ነው። እረኛ በትሩን ይዞ ከብቶቹን እያየ እንደሚቀመጠው በለው። ከዚያ ወደ ኋላ ያለው ግምት ነው፦ በጥንቱ የኖርስ (የስካንዲኔቪያ) ቋንቋ «ሁካ» ቁጢጥ ማለት ነበር፣ ጀርመኖችም «ሆከን» ይላሉ፤ ከዚያ ወገን ሳይሆን አይቀርም። ቃሉ ውቅያኖስ ተሻግሮ ደቡብ አሜሪካ እንዳይመስልህ፣ የዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ ገባ፤ «ዳውን» ተለጠፈለት፤ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ በፖለቲከኞች አፍ አገር ምድሩ ለመደው። ያኔ ጉልበቱ ቀረና ሐሳቡ ብቻ ተረፈ፦ ክፉው እስኪያልፍ ካሉበት አለመነቃነቅ። አንተንም «በርህን ዝጋ፣ አትውጣ» ነው የሚሉህ።

ጥያቄ አለኝ፦ ሀንከር «መመኘት» አይደለም እንዴ?

መምህር፦ እሱ ሌላ ቃል ነው። በእንግሊዝኛ የመመኘቱ በ«ኤ»፣ የቁጢጡ በ«ዩ» ይጻፋል፤ የእኛ ፊደል አንድ አስመሰላቸው እንጂ። ድምፁ ስለተመሳሰለ ብቻ ቃላት አታዛምዱ!

ጎጃሜው፦ «ቁጢጥ» ትክክል አይመስለኝም። ቁጢጥ የሚባለው ከፍ ያለ ነገር ላይ ነው፤ ዝንጀሮ ቋጥኝ ላይ ቁጢጥ አለ ይባላል። «ማድፈጥ» ይሻላል።

ሸዋዬ፦ ያደፈጠማ ሊያጠቃ ነው! አውሎ ነፋሱን ልትወጋው ነው?

ጎጃሜው፦ ድመት ፈርታም ታደፍጣለች።

ሸዋዬ፦ የእናንተ ድመት ትሆናለች።

መምህር፦ ድመቷን ተዉአትና ወደ ጥያቄው።

የአርሊንግተኗ፦ በፍርሃት መኮራመት «ካወር» ነው፣ ፈሪ ደግሞ «ካዋርድ»። እነዚህስ መቼም ዘመድ ናቸው።

መምህር፦ አይደሉም፤ ብዙ የተማረ ሰው የሚወድቅባት ጉድጓድ ይቺ ናት። «ካወር» የሰሜን ቃል ነው፤ ስካንዲኔቪያ ውስጥ «ኩራ» የሚባል ቁጢጥ ማለት አለ፣ በሰሜን ጀርመን ወገን ደግሞ ዘመዱ አድፍጦ መጠበቅ ነው። (ጎጃሜው ደስ ይበለው።) «ካዋርድ» ግን በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው፤ ሥሩ የላቲኑ «ካውዳ»፣ ጭራ ማለት ነው። ጭራውን በእግሮቹ መሀል ወሽቆ የሚሸሽ ውሻ አስቢ። አንዱ ከጉልበት፣ አንዱ ከጭራ! ድምፅ አያዛምድም ያልኩት ለዚህ ነው።

ብረት አንሺው፦ መምህር፣ በቀን ስንት ስኳት (ቁጢጥ ብድግ) ልሥራ?

መምህር፦ አሠልጣኝህን ጠይቅ። ስለ ቃሉ ከሆነ፣ ከጥንቱ ፈረንሳይኛ ነው፤ መጀመሪያ መጨፍለቅ ማለት ነበር፣ ቁጢጥ ማለት በኋላ መጣ። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ያለ ካርታ መሬት ላይ የሰፈረውን ሰው «ስኳተር» አሉት። ሄዶ ቁጢጥ አለበታ! እኛ ጨረቃ ቤት የምንለውን የሠራ ሰው መሆኑ ነው።

አዲስ ገቢ፦ ሀንከር የመጣው ከባንከር ነው አሉ፤ እውነት ነው?

መምህር፦ ከላይ ሁለት ጊዜ ምን አልኩ? ባንከርም የስኮትላንድ ቃል መሆኑ እውነት ነው፤ ግን እንደ አግዳሚ የሚቀመጡበት ሣጥን ነበር። የጎልፍ ሜዳ የአሸዋ ጉድጓድ ሆነ፣ ከዚያ የወታደር ምሽግ። ከሀንከር ጋር አይተዋወቁም።

ተስፈኛው፦ እንግሊዝኛ ቶሎ እንዴት ይለመዳል?

መምህር፦ ቀጣይ።

የሂውስተኑ፦ እንግዲያው ውሃና ሻማ ገዝቼ ቤቴ ልቀመጥ?

መምህር፦ አዎ። ወንበር ላይ።