ተቃዋሚው ግብሩንና የወጪ ቅነሳውን በምን ይሞግት? ጥያቄና መልስ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ድጎማ እየተነሳ፣ የታክስ አዋጆችም እየተከታተሉ መጥተዋል። ተቃዋሚ ፓርቲ ይህን ልሞግት ብሎ ሲነሳ የሚገጥመውን ጉዳይ በተመለከተ ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳ፣ ከመርካቶና ከካዛንቺስ የቀረቡትን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ስሌትና የሕግ ቁጥር የሚፈልገውን ዘርዘር አደርጋለሁ፤ ሌላውን በአጭሩ አልፋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። መንግሥት «በጀት ጨመርኩ እንጂ አልቀነስኩም» ይላል። ተቃዋሚው ደግሞ «የወጪ ቅነሳው ሕዝቡን ጎዳው» ይላል። የቱን እንመን?

አብሮ ይስጥልኝ። በብር ከተቆጠረ ጨምሯል። የ2017 የፌዴራል በጀት መጀመሪያ የጸደቀው 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር፤ በዓመቱ መካከል ወደ 582 ቢሊዮን የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት ታከለበት። የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን ነው። ስለዚህ ምክር ቤት ገብቶ «በጀት ተቀነሰ» የሚል ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይረታል።

ክርክሩ ያለው በመግዛት አቅሙ ላይ ነው። የ2017ቱ በጀት ሲጸደቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ 971.2 ቢሊዮን ብር ማለት 17 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። 1.93 ትሪሊዮኑን በ130 ብር ብትመነዝሩት 15 ቢሊዮን አይሞላም። መድኃኒት፣ ማዳበሪያ፣ ነዳጅ፣ የላቦራቶሪ ዕቃ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ደመወዝና የአገር ውስጥ ግዥ ግን በዶላር ስለማይለካ፣ ሙሉውን በጀት በዶላር ብቻ መዝኖ መሞገት ስህተት ነው፤ የገንዘብ ሚኒስትሩ ቶሎ ያፈርሰዋል። የሚያዋጣው መንገድ አንድ መሥሪያ ቤት መርጦ መደበኛ ወጪውን (ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ) ከካፒታል ወጪው (ግንባታና ትልልቅ ዕቃ) መለየት፣ ከውጭ የሚገዛውን በምንዛሪው፣ ቀሪውን በዋጋ ንረቱ አስልቶ ካለፈው ዓመት ጋር ማስተያየት ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። የደመወዝ ግብር ተቀንሷል ተባለ፤ እጄ ላይ ግን የመጣ ለውጥ አይታየኝም። ተቃዋሚዎች ይህን ቢያነሱ ያስኬዳል?

ያስኬዳል፤ ግን «ግብሩ ጨመረ» ተብሎ ከተነሳ ይወድቃል። ሠንጠረዡ በእርግጥ ቀንሷል። በ2017 የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ከግብር ነፃ የሆነውን ወርሃዊ ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር አደረሰው። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል።

ከመስከረም 2018 ጀምሮ ባለ ዲግሪ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ የሚያገኘውን 11,500 ብር እንውሰድ። በአዲሱ ሠንጠረዥ ግብሩ 2,100 ብር ነው፤ ጡረታ 7 በመቶ፣ 805 ብር። እጅ ላይ የሚገባው 8,595 ብር ይሆናል። በድሮው ሠንጠረዥ ግብሩ 2,525 ይሆን ነበር። የ425 ብር ቅናሽ አለ፤ ይህን መካድ አይገባም።

ሁለት ነጥቦች ግን ውሃ ያነሳሉ። የመጀመሪያው የጭማሪው ዕጣ ነው። ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ያደገ ሠራተኛ 4,560 ብር ተጨመረለት። በአዲሱ ሠንጠረዥ ግብሩ ከ888 ወደ 2,100 ስላለፈ 1,212 ብሩ ለግብር፣ 319ኙ ደግሞ ለጡረታ ሄደ። የደረሰው 3,029 ብር ያህል ነው። ሁለተኛው የቅንፎቹ፣ ማለትም የግብር እርከኖቹ፣ ቦታ ነው። የ2008ቱ አዋጅ ቁጥር 979 ሲወጣ ዶላር 22 ብር አካባቢ ነበር፤ ነፃ የነበረው 600 ብር 27 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። የአሁኑ 2,000 ብር በ130 ቢመነዘር እንኳ 15 ዶላር ነው። 35 በመቶ ያን ጊዜ የሚጀምረው 500 ዶላር ገደማ የሚያገኝ ሰው ላይ ነበር፤ ዛሬ 110 ዶላር የማይሞላው ሰው ላይ ይደርሳል። ከፍተኛው መጣኔ የተሠራው ለባለ ከፍተኛ ደመወዝ ነበር፤ አሁን የመሐል መምህሩን እያገኘው ነው። በግሌ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። መፍትሔውም አንድ አንቀጽ ነው፦ ቅንፎቹ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር እንዲስተካከሉ ማስገደድ።

ጥያቄ፦ መርካቶ ዕቃ አስመጥቼ እሸጣለሁ። የጉምሩክ መጣኔው አልተለወጠም፤ የምከፍለው ግን እጥፍ ሆኗል። ይህ አዲስ ግብር አይደለም?

በሕግ አዲስ ግብር አይደለም፤ በኪስ ግን ነው። 1,000 ዶላር የሚያወጣ፣ ቀረጡ 20 በመቶ የሆነ ዕቃ እንይ። በ57 ብር ሲመነዘር መነሻው 57,000 ብር ነው። ቀረጡ 11,400፣ 15 በመቶው ቫት ደግሞ ቀረጡን ጨምሮ ስለሚሰላ 10,260፤ ድምሩ 21,660 ብር። ያው ዕቃ በ120 ብር ሲመነዘር መነሻው 120,000፣ ቀረጡ 24,000፣ ቫቱ 21,600፤ ድምሩ 45,600 ብር። ሱር ታክሱን፣ 3 በመቶውን የማኅበራዊ ልማት ቀረጥና ሌላውን ሳንጨምር ማለት ነው። ምክር ቤቱ አንድም ድምፅ ሳይሰጥ መንግሥት ከዚህ ዕቃ የሚያገኘው ገቢ ከእጥፍ በላይ ሆነ።

ለተቃዋሚ እንደራሴ ከዚህ የሚሻል ጥያቄ የለም፦ ከምንዛሪ ለውጥ ብቻ የተገኘው ተጨማሪ የጉምሩክ ገቢ ስንት ነው፣ ከእሱስ ለመሠረታዊ ዕቃዎች ቀረጥ ቅነሳ የዋለው ስንት ነው? በቁጥር እንጂ በማብራሪያ የማይመለስ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ 2.5 በመቶ የሚባለው ምንድን ነው? ድርጅቴ ትንሽ ነው የሚያተርፈው።

ከዚያው ከአዋጅ 1395 የመጣ ዝቅተኛ አማራጭ ግብር ነው። በትርፍ የተሰላው ግብር ከዓመታዊ ጠቅላላ ሽያጭ 2.5 በመቶ ካነሰ፣ የሚከፈለው 2.5 በመቶው ነው። 10 ሚሊዮን ብር ሸጦ 300,000 ያተረፈ የግል ማኅበር በ30 በመቶ 90,000 ይከፍል ነበር፤ በዚህ ስሌት ግን 250,000 ይከፍላል። ድንበሩ ያለው 8.33 በመቶ ላይ ነው፦ ከ100 ብር ሽያጭ ከ8 ብር ከ33 ሳንቲም በታች የሚያተርፍ ይጎዳል። ጅምላ ሻጭ፣ ዱቄትና ዘይት አከፋፋይ እዚህ ውስጥ ነው። ዓላማው ዘወትር ኪሳራ የሚያስመዘግበውን መያዝ ነው፤ ዓላማውን መቃወም አያዋጣም። በዘርፉ የትርፍ ልክ እንዲለያይ መጠየቅ ግን ሚዛን ይደፋል።

ጥያቄ፦ ተቃዋሚ በምክር ቤት ውስጥ እፍኝ አይሞላም። ምን ሊያደርግ ይችላል?

በድምፅ ማሸነፍ አይችልም። በሰኔ 2013ቱ ምርጫ የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) 5፣ የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ (ኢዜማ) 4 መቀመጫ ነበር ያገኙት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55(18) ላይ አስፈጻሚውን በሚመለከት ጉዳይ ላይ ውይይት ለማስጠራት የምክር ቤቱን አንድ ሦስተኛ ይጠይቃል፤ ይህ በር ለጊዜው ዝግ ነው። ክፍት የሆነው አንቀጽ 55(17) ነው፦ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን መጠየቅ።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው በጊዜ እጥረት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የምክር ቤቱ ዓመታዊ የሥራ ጊዜ ሰኔ 30 ያልቃል። ረቂቁ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ወጥቶ ለተወካዮች የሚደርሰው በዚያው ሰሞን ስለሆነ፣ በመሐል ያለው ጥቂት ሳምንት ነው። ንግግር አሳምሮ ለማጽደቂያው ቀን መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። ሥራው የሚሠራው ረቂቁ ለፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ተመርቶ ሕዝባዊ ውይይት ሲጠራ ነው። እዚያ በጽሑፍ ይግባ፦ የአንቀጹ ቁጥር፣ አሁን ያለው ቃል፣ እንዲተካ የሚፈለገው ቃል፣ መንግሥት የሚያጣው ገቢ፣ ማካካሻው። ማካካሻ የሌለው ሐሳብ «የበጀት ጉድለት ያሰፋል» ተብሎ በአንድ መስመር ይጣላል። ድምፅ ሲሰጥም ተቃውሞና ድምፀ ተአቅቦ በቁጥር እንዲመዘገብ መጠየቅ አይዘንጋ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ላለ ቤታችን የጣራና ግድግዳ ግብር ተጨመረብን። የፓርላማ ተመራጫችን ለምን አይሟገትልንም?

እማማ፣ በሩ ሌላ ስለሆነ ነው። የቤትና የቦታ ግብሩን የሚሰበስበው ከተማ አስተዳደሩ ነው፤ ጥያቄው ለከተማው ምክር ቤት ይቀርባል። እዚያ ደግሞ በ2013ቱ ምርጫ 138ቱንም ወንበር ብልጽግና ነው የወሰደው፤ ስለዚህ ተቃዋሚ ፓርቲ የሚገባው በደብዳቤ፣ በአቤቱታና በፍርድ ቤት በኩል ነው። እርስዎ ግን ፓርቲ ሳይጠብቁ ግምቱ የተሠራበትን የስፋትና የደረጃ ወረቀት በጽሑፍ ጠይቀው ይያዙ። ካሬው ወይም የቦታው ደረጃ ተሳስቶ ከሆነ የሚያዋጣዎት እሱ ነው።

ጥያቄ፦ አዋጁ ላይ የሌለ ነገር በመመሪያ ሲመጣስ?

የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አለ። ረቂቅ መመሪያ ለሕዝብ አስተያየት መቅረብ፣ ከወጣም በኋላ በፍትሕ ሚኒስቴር መመዝገብ አለበት። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «የመመሪያው ቁጥር ስንት ነው፣ ተመዝግቧል?» መሆን አለበት። ደብዳቤና ሰርኩላር መመሪያ አይደሉም። ሁለተኛው፦ በየትኛው የአዋጅ አንቀጽ ሥልጣን ወጣ? ብዙ ተቃዋሚ አዋጁን ሲተች ይውላል፤ የሚያቃጥለው ግን ከአዋጅና ከደንብ በታች ሦስተኛ ደረጃ ያለው ወረቀት፣ መመሪያው ነው። የመረጃ ጥያቄም በአዋጅ 590/2000 በጽሑፍ ይቀርባል፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት።

ጥያቄ፦ በኑሮ ውድነት ላይ ሰላማዊ ሰልፍ ለመጥራት ምን ያስፈልጋል? «ፈቃድ አልተሰጠም» እየተባለ ይቀራል።

አዋጅ ቁጥር 3/1983 የሚጠይቀው ማሳወቅን እንጂ ፈቃድን አይደለም። ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ፣ ለከተማው አስተዳደር። ወረቀቱ ላይ ዓላማው፣ ቦታውና የሚታለፍበት መንገድ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የሚጠበቀው ሕዝብ፣ ከፖሊስ የሚፈለገው ድጋፍ፣ የአዘጋጆቹ ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይኑር። አስተዳደሩ ጊዜው ወይም ቦታው ይቀየር የሚል ከሆነ ምክንያቱን ጽፎ በ12 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት፤ ጭራሽ አይደረግም ማለት አይችልም።

የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ወረቀቱ «ገቢ» ማኅተምና ቀን ሳይመታበት ይቀራል፣ ከዚያ «አልደረሰንም» ይባላል። ሁለት ኮፒ ይዞ ሄዶ አንዱን አስመትቶ መመለስ ግዴታ ነው። መዝገብ ቤት አልቀበልም ካለ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ይላክ፣ ደረሰኙም ይያዝ። ሌላው መንገዱ ነው። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከሆስፒታል፣ ከኤምባሲ 100 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። መሐል አዲስ አበባ ደግሞ ጥብብ ያለ ነው፤ መስቀል አደባባይ አጠገብ እስጢፋኖስ አለ፣ አራት ኪሎ ቅድስት ሥላሴ፣ ፒያሳ ጊዮርጊስ። አዘጋጆቹ በእግር ሄደው ለክተው ካርታውን ከማሳወቂያው ጋር ያያይዙት፤ ለመከልከያ የሚሆን ሰበብ አንድ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ እንደራሴ ስለ ግብር በመናገሩ ሊታሰር ይችላል?

በምክር ቤት በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54(5)። እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድም አይያዝም፤ 54(6)። በተግባር ግን የአብኑ ተመራጭና የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት ክርስቲያን ታደለ በ2015ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሰሞን ታስረዋል። የኦዲት ግኝት ይከታተል የነበረው ኮሚቴ ሰብሳቢውን ማጣቱ በግብር ከፋዩም ላይ የደረሰ ጉዳት ነው።

ጥያቄ፦ «አይኤምኤፍ (ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት) ያዘዘው ነው» ሲባል መልሱ ምንድን ነው?

በ2016 ሐምሌ የጸደቀው ፕሮግራም ለአራት ዓመት 3.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ገቢ ማሳደግና ድጎማን በሂደት ማንሳት ከግዴታዎቹ ውስጥ ናቸው። ግን የትኛው ታክስ፣ በማን ላይ፣ በየትኛው ቅደም ተከተል የሚለውን ሕግ አድርጎ የሚያወጣው በአንቀጽ 55(11) መሠረት የተወካዮች ምክር ቤት ነው። መብራት በየሦስት ወሩ፣ ለአራት ዓመት እንዲጨምር ሲወሰን አነስተኛ ፍጆታ ያለው ቤተሰብ የት ድረስ እንደሚጠበቅ የአገር ውስጥ ውሳኔ ነው። የስምምነቱ ሰነድ ታትሟል፤ ተቃዋሚው ገጹን ጠቅሶ «ይህ ግዴታ አለበት፣ ይኼኛው የለበትም» ብሎ ይለይ።

ጥያቄ፦ አዋጆቹን የት ነው የማገኘው?

ታትመው የሚወጡት በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ነው፤ አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ይጠይቁ። ሲገዙ የማሻሻያውንም የዋናውንም ይያዙ፤ 1395 ብቻውን ያለ 979 አይነበብም። የቫቱ ግን አዲስ አዋጅ ነው፣ ቁጥር 1341/2016፤ የድሮውን 285/1994 ስለተካ እሱን ይዘው እንዳይከራከሩ።