ለረጅም ሰው የሚስማማ ብስክሌት

ጥያቄ፦ ቁመቴ 1.94 ሜትር ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በየቀኑ በብስክሌት ወደ ሥራ እመላለሳለሁ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ከከተማ ወጥቼ ረጅም መንገድ እነዳለሁ። ያገለገለ የመንገድ ብስክሌት ነው ያለኝ፤ የፍሬሙ መጠን 56 ሴንቲ ሜትር፣ የፔዳሉ ክንድ ርዝመት ደግሞ 170 ሚሊ ሜትር ነው። ከረጅም ጉዞ በኋላ ጉልበቴን ከፊት በኩል ያመኛል። ብስክሌት ጠጋኙ ክንዱን በ180 እንድቀይር መክሮኛል። እርስዎስ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ለክንዱ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የኮርቻውን ከፍታ ይለኩ። ከጉልበት ፊት ለፊት የሚሰማ ሕመም ብዙ ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ከማለቱ ይመጣል። ጫማዎን አውልቀው ግድግዳ ተደግፈው ይቁሙና መጽሐፍ በጭንዎ መካከል ወደ ላይ አስጠግተው ከወለሉ እስከ መጽሐፉ ጠርዝ ያለውን ይለኩ። ልኬቱ ለምሳሌ 94 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በ0.883 ሲባዛ 83 ይሆናል፤ ይህም የፔዳሉ ክንዶች ከሚዞሩበት ዘንግ መሐል እስከ ኮርቻው አናት ሊኖር የሚገባው ርቀት ነው። የቱር ደ ፍራንስ የሦስት ጊዜ አሸናፊ በሆነው በግሬግ ለሞንድ ስም የሚታወቀው ይህ ስሌት መነሻ እንጂ መደምደሚያ አይደለም፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትዎ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ታጥፎ መቅረት አለበት።

ኮርቻው ሲስተካከል የፍሬሙ ጉድለት ይገለጣል። 56 ለእርስዎ ቁመት ያንሳል ለማለት አላመነታም። ኮርቻውን የሚሸከመው ቱቦ ብዙውን ጊዜ 73 ዲግሪ ያህል ስለሚያዘነብል፣ ኮርቻውን 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባደረጉ ቁጥር ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ መሪው ግን ባለበት ስለሚቀር ከእርስዎ ይርቃል፣ ከኮርቻውም በታች በጣም ይወርዳል፤ ይህም ወገብዎንና አንገትዎን ያደክማል። የኮርቻው ዘንግም ቢሆን ከተቀረጸበት የመጨረሻ መስመር በላይ መውጣት የለበትም። ስለዚህ በሚቀጥለው ግዢዎ 61 አካባቢ የሆነ ፍሬም ይፈልጉ፤ ሲመርጡም ከቁጥሩ ይልቅ የመሪው አንገት የቱን ያህል ከፍ እንደሚል ይመልከቱ፤ ተመሳሳይ ቁጥር የተጻፈባቸው ፍሬሞች እንደ ፋብሪካቸው ይለያያሉና።

ወደ ክንዱ ስንመለስ፣ ከእግር ርዝመት 21 በመቶ ያህል ይሁን የሚሉ አሉ፤ በዚህ ስሌት የእግርዎ ልኬት ከላይ እንዳልነው 94 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 197 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። በተራ ፍሬም ላይ ይህን ቢያስገቡ መታጠፊያ ላይ ፔዳሉ መሬት ሊመታ ይችላል። ረጅም ክንድ ኃይል ይጨምራል የሚለውም እምነት የተጋነነ ነው፤ በ2001 የታተመ የጄምስ ማርቲን ጥናት ከ120 እስከ 220 ሚሊ ሜትር የሆኑ ክንዶችን ሲያነጻጽር ከ145 እስከ 195 ባሉት መካከል በአጭር ጊዜ ከፍተኛ ኃይል ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ስሎቬኒያዊው የብስክሌት ተወዳዳሪ ታዴይ ፖጋቻርም ቢሆን በ2024 ክንዱን ወደ 165 አሳጥሯል፤ እርግጥ እርሱ እንደ እርስዎ ረጅም አይደለም።

ክንዱ በ10 ሚሊ ሜትር ሲረዝም ኮርቻው በዚያው ልክ ዝቅ መደረግ አለበት፤ ፔዳሉ ወደ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ደግሞ 10 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ጉልበትዎ የሚታጠፍበት ክፍተት በ20 ሚሊ ሜትር ይጠባል። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው 180ን የማልመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ሕመሙ ከለቀቀዎትና የግድ መቀየር ካማረዎት 175 በቂ ነው፤ በገበያም በቀላሉ ይገኛል። ለአሁኑ ኮርቻውን በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊ ሜትር ሳያስበልጡ ከፍ እያደረጉ ለጥቂት ቀናት ይንዱ፤ ዳሌዎ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ከጀመረ አልፏልና ትንሽ ይመልሱት። ጉልበትዎ ከዚህም በኋላ ካልተሻለው ሐኪም ይይልዎት።