የተሰረዘው የዱባይ ጉዞና «አይመለስም» የተባለው ገንዘብ

እህታችን የጠየቀችው ጉዳይ ብዙዎቻችንን ስለሚነካ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። ነገሩ ባጭሩ ይሄ ነው። ለቤተሰቧ የዱባይ ፓኬጅ ግማሹን ከፍላለች። አስጎብኚ ድርጅቱ «ዶላር ስለጨመረ ከአቅማችን በላይ ሆኗል» ብሎ ጉዞውን ሰረዘ። ውሉ ደግሞ «ባልታሰበ ምክንያት ጉዞው ቢሰረዝ የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» ይላል። ይሄ ፍትሐዊ ነው ወይ?

እኔ እዚሁ ጅማ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። እህቴ፣ እንዲህ ዓይነት አንቀጽ ውል ውስጥ መኖሩ ችግር የለውም። የማይሆነው ኪሳራውን ጠቅላላ ደንበኛው ላይ መጣሉ ነው።

በእርግጥ ከአቅም በላይ የሚሆን ነገር አለ። የካቲት 19 ቀን 2012 ሳዑዲ በኮሮና ምክንያት የዑምራ ተጓዦችን ማስገባት አቆመች። ያኔ ከጎማና ከጌራ ወረዳዎች መጥተው ቡናቸውን ሸጠው የከፈሉ እናቶችና አባቶች ነበሩን። ጥፋተኛ የሚባል ሰው አልነበረም። አገሩ ተዘጋ፣ አለቀ። ቢሮው ግን «አይመለስም» የሚለውን አንቀጽ ይዞ ገንዘቡንም ሊያስቀር ፈለገ። ይሄ በጣም አበሳጭቶኝ ነበር። የብዙዎቹ ሆቴል ገና አልተከፈለም፤ ቲኬታቸውም አልተቆረጠም። ያልወጣ ወጪ በምን ሂሳብ ይያዛል? ልጆቻቸው እየተመላለሱ ከተሟገቱ በኋላ ነው ያልወጣው ገንዘብ የተመለሰው።

ያንቺ ጉዳይ ግን ከዚህም የተለየ ነው። ዱባይ አልተዘጋችም። በረራም አለ። የተለወጠው ዋጋው ብቻ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1792 እዚህ ላይ ግልጽ ነው። ከአቅም በላይ የሚባለው ባለዕዳው፣ ማለትም ግዴታ ያለበት ወገን (እዚህ ላይ ድርጅቱ)፣ አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፈጽሞ የሚያግደው ነገር ነው። ግዴታውን ከባድ ወይም ውድ ያደረገ ነገር ብቻውን አይበቃም። የሚቀጥለው አንቀጽ ምሳሌ ሲሰጥ የመንግሥት ክልከላን፣ የመሬት መንቀጥቀጥን፣ ጎርፍን፣ ጦርነትን ይጠቅሳል። ደግሞም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ «ዶላር ይጨምራል ብዬ አላሰብኩም» የሚል የጉዞ ድርጅት እኔን አያሳምነኝም። ሥራው እኮ ነው።

«ውሉ ላይ ፈርመሻል» ይሉሻል። ተዋዋዮች አንዳንዱን ነገር በግልጽ ተስማምተው ማስፋት መቻላቸው እውነት ነው። «ባልታሰበ ምክንያት» የሚል ድፍን ሐረግ ግን ግልጽ ስምምነት አይባልም። አንዱ ወገን ብቻውን ያዘጋጀው ውል ሲያጠራጥር ደግሞ የሚተረጎመው ያዘጋጀውን ወገን ሳይሆን ሌላውን ወገን በሚጠቅም መንገድ ነው። ውል ሲፈርስም መርሁ ሁለቱን ወገኖች በተቻለ መጠን ወደ ነበሩበት መመለስ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው የፓኬጅ ጉዞ መመሪያ አዘጋጁ ሊያስቀረው በማይችል ያልተለመደ ሁኔታ እንኳ ቢሰርዝ የተከፈለውን በሙሉ በ14 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። እኛ ጋ ያ ሕግ አይሠራም። ግን ነገሩ የሚቻል መሆኑን ያሳያል።

ለድርጅቶቹም ልናገርላቸው። የጅማ ቢሮዎች ብዙ ጊዜ ገንዘቡን አዲስ አበባ ላለ ትልቅ ወኪል ያስተላልፋሉ። ቪዛ ተከፍሎ ከሆነ ያ ገንዘብ የለም። በእውነት የወጣውን በደረሰኝ አሳይተው በጋራ እንቻቻል ቢሉ እኔ አልቃወምም።

ስለዚህ በቃል ብቻ አትከራከሪ። «የወጣውን ወጪ በዝርዝር ከነደረሰኙ አሳዩኝ፣ ቀሪውን መልሱ» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ያስገባሽውን ደብዳቤ ኮፒ አስፈርመሽ ያዢ። እምቢ ካሉ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ውሰጂ። ከዚያ በፊት ግን የከፈልሽበትን ወረቀት ደህና አድርገሽ እዪው። ክፍያው የተመዘገበው በቀብድነት ከሆነና ውሉ ሌላ ካላለ፣ በአንቀጽ 1885 መሠረት ቀብድ ተቀብሎ ውሉን የሚያፈርስ ወገን እጥፉን ነው የሚመልሰው።