«እጇ ቀልጣፋ ነው»

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ነገሩ ለሌላ ሰው ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ እኔን ግን ከአንገቴ በላይ ስለ ደረሰ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ። የምኖረው ጅማ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ከዳውሮ ሥራ ፍለጋ መጥተው አዌቱ ወንዝ አካባቢ ቤት ለተከራዩ ቤተሰቦች ልጆች የቀን ፕሮግራም አዘጋጅታለች። ጠዋት መዝሙርና ንባብ፣ ቀጥሎ ምሳ፣ ዝናቡ ፋታ ከሰጠ ደግሞ ኳስ። አባቶቹ ግንባታ ላይ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ እናቶቹ ሰው ቤት ልብስ ያጥባሉ፣ ቡና ይለቅማሉ። ልጆቹ አለዚያ መንገድ ላይ ነበር የሚውሉት።

ሐሳቡ ሲነሳ እጁን ያላወጣ አልነበረም። ሐምሌ ሲጋመስ ግን ወጥ ቤት ውስጥ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ወጣቶቹ ይዘምራሉ፣ ከልጆቹ ጋር ፎቶ ይነሳሉ፣ ምሳ ሲያልቅ ሳህኑን ከምረው ውልቅ ይላሉ። አስተባባሪውን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። «እናታችን ይቅርታ፣ ዛሬ ስብሰባ አለብኝ» ይለኛል፤ በየቀኑ ምን ዓይነት ስብሰባ እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቀው። ቧንቧው ሲጠፋ ውኃ በጀሪካን የማስቀዳ እኔ፣ ሽሮው ጠርዙ ላይ የደረቀበትን ሳህን የምፈትግ እኔ። ባለፈው እሑድ ሽማግሌዎቹ የልጆች አገልግሎት ክፍሉን መድረክ ላይ ጠርተው ሲያመሰግኑ ጓዳ ሆኜ የሻይ ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር። ስሜን ያነሳ የለም። የማገለግለው ለምስጋና ብዬ አይደለም፤ ግን ሰው ነኝና ሆድ ባሰኝ። ለሽማግሌዎቹ ልናገር ብል ደግሞ «አገልግሎት አስቆጠረች» እባላለሁ።

የምታግዘኝ አንዲት ልጅ ብቻ ናት። 11 ዓመቷ ነው። አማርኛ ብዙም ስለማይገባት የንባቡ ሰዓት ይሰለቻታል መሰለኝ፣ ቀስ ብላ ወጥታ ወደ እኔ ትመጣለች። ሳፋው ስለማይደርስላት ባለሦስት እግሯ በርጩማ ላይ ቆማ ነው የምታጥበው። እጇ ቀልጣፋ ነው፤ ከወጣቶቹ ሁሉ እሷ ትሻለኛለች። አንጀቴን በልታዋለች።

በቀደም እናቷ መጥታ በጎረቤት አስተርጓሚነት «ውሰጃትና አሳድጊልኝ» አለችኝ። የእኔ ልጆች አድገው ወጥተዋል፣ ቤቱ ባዶ ነው። ባለቤቴም አልተቃወመም። ቀን ባይመች የማታ እየተማረች በተረፈው ጊዜ ታግዘኛለች ብዬ አሰብኩ። ልውሰዳት ወይስ ይቅርብኝ?

የደከመኝ፣ ከጅማ

እህቴ፣ አትውሰጃት።

በሳህኑ ጉዳይ ብዙ አልቆይም። ነገ ምሳ ሲያልቅ ሽርጥሽን ፈትተሽ ወደ ቤትሽ ሂጂ፤ ሳህኑ እንደ ተከመረ ይደር። በማግሥቱ አስተባባሪው ራሱ ይየው። ከዚያ በኋላ ተራ ማውጣት አይከብዳችሁም፤ ወንዶቹ ልጆችም ጭምር የበሉበትን ያጥባሉ። መድረክ ላይ አለመጠራትሽ ያስከፋል፤ መናገርም መብትሽ ነው፣ የሚሉትን ይበሉ።

እኔን የያዘኝ ግን በርጩማዋ ናት። ፕሮግራሙ ለማን ተዘጋጀ? ለዚህች ልጅ። እኩዮቿ ሲዘምሩና ሲያነቡ እሷ በርጩማ ላይ ቆማ የእነሱን ሳህን ታጥባለች። ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ሰው እያለ «ይህች ልጅ ለምን ከክፍል ወጣች?» ያለ አንድ አልተገኘም። አንቺም አላልሽም፤ ስለ ጠቀመሽ። ወጣቶቹ አንቺ ላይ የጣሉትን ሸክም አንቺ ደግሞ ለ11 ዓመት ልጅ አካፈልሽ። ስለ እጇ ነገርሽኝ። ማንበብ ትችል እንደሆነ፣ ስንተኛ ክፍል እንደ ደረሰች፣ እህት ወንድም ይኑራት አይኑራት ግን አንዲት መስመር አልጻፍሽም።

የንባቡ ሰዓት አልሰለቻትም፤ አልገባትም። ከጎጀብ ወንዝ ማዶ የመጣች ልጅ ናት። ቤቷ የሚነገረው ዳውሮኛ ነው፤ እዚያ ትምህርት ጀምራ ከነበረም የተማረችው በላቲን ፊደል ነው። እናንተ ሀ ሁን ሰቅላችሁ ጠበቃችኋት። መስከረም ላይ ጅማ የመንግሥት ትምህርት ቤት ብትገባ ደግሞ በአብዛኛው የሚጠብቃት አፋን ኦሮሞ ነው፤ እሱም ከ1984 ጀምሮ በይፋ በላቲን ፊደል የሚጻፍ። ስለዚህ የያዘችው ፊደል ባዶ እጇን አያስቀራትም፤ ቋንቋው ነው የሚቀራት። ከጠዋቱ ሰዓት የተወሰነውን ለአፋን ኦሮሞ ስጡት። ጅማ ተቀምጣችሁ አስተማሪ አጣን እንደማትሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ዳውሮኛ የሚችል አንድ ወጣትም አጠገቧ ይቀመጥ፤ ከምእመናኑ መካከል አይጠፋም። መድረክ ላይ ከተመሰገኑት አንዱ ይህን ፈልጎ ያምጣ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። በዚህ ነገር ሚዛናዊ ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። «እንደ ልጄ አሳድጋታለሁ» ተብለው ከተወሰዱ ልጆች መካከል በእርግጥ እንደ ልጅ ያደጉ አሉ፤ እኔ የማውቃቸው ግን ብዙዎቹ ሌላ ነው የገጠማቸው። እንግዳ ሲመጣ «ልጄ ናት» ይባላል፤ ቡናውን የምታፈላው፣ ሁሉም ከተኛ በኋላ ፍራሿን ጓዳ የምታነጥፈው እሷ ናት። የቤቱ ልጆች ቀን ይማራሉ፣ እሷ የማታ። አንቺ ክፉ ሴት ነሽ አላልኩም፤ ክፉ ብትሆኚ ይህን ደብዳቤ አትጽፊም ነበር። ግን ገና ሳትወስጃት የማታ ትምህርት አስበሽላታል። የራስሽ ልጆች በ11 ዓመታቸው የማታ ተምረዋል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። አዋጁ የሰው ቤት ሥራን ስለማይሸፍን ብዙ ሰው በዚያች ቀዳዳ ሾልኮ ልቡን አረጋግቶ ይተኛል። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 36 ሕፃናት ጉልበታቸውን ከሚበዘብዝ ልማድ እንዲጠበቁ ሲደነግግ የማንንም ጓዳ አልለየም። እውነት ልጅሽ ልታደርጊያት ከፈለግሽ ጉዲፈቻ አለ፤ ፍርድ ቤት ያጸድቀዋል፣ ልጅቷም እንደ ወለድሻቸው ልጆች ትወርስሻለች። ይህን ለባለቤትሽ ንገሪውና አሁንም እንዳልተቃወመ እይ።

እናትየዋ ላይ አልፈርድም። የቤት ኪራይና የቀን ገቢ አስልታ፣ አንድ አፍ ቢቀንስ ለሌሎቹ ይተርፋል ብላ ይሆናል። ልጅቷን ለመመገብ ያሰብሽውን ገንዘብ እዚያው ለእናቷ አድርሺላት። ዩኒፎርም ግዢ፣ ደብተር ግዢ። የምሳዋን ነገር አንቺ ያዢው፤ ማታ እናቷ ጋር ትደር። ከሁሉ በፊት ምዝገባው አለ፤ ልጅቷ የዝውውር ወረቀት ወይም የልደት ካርድ ከሌላት፣ ወላጆቿም የቀበሌ መታወቂያ ገና ካላወጡ ትምህርት ቤቱ ሊመልሳቸው ይችላል። አስተርጓሚ ይዘሽ አብረሻት ሂጂ፤ ከቤተ ክርስቲያኑም የድጋፍ ደብዳቤ አጽፊ። እናት ብቻዋን ስትቆም የማይሰማው ጸሐፊ፣ ጅማ የኖረች ወይዘሮ አጠገቧ ስትቆም ይሰማል። ልክ አይደለም፤ ግን እንዲህ ነው የሚሠራው።

ልጅቷንም ጠይቂያት። እናቷ ተናገረች፣ አንቺ አሰብሽ፣ ባለቤትሽ አልተቃወመም፤ እሷን የጠየቀ የለም።

ቤቱ ባዶ መሆኑ ይገባኛል። ልጆች ወጥተው ሲያልቁ ለሁለት ሰው የሚበቃ ሽሮ መሥራት እንኳ እጅ እንቢ ይላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ትምጣልሽ፣ እህት ወንድም ካላት አብረዋት ይምጡ፣ ደብተሯንም ትያዝ። አንቺ ወጡን ሥሪ፣ እሷ ታንብብ። አፋን ኦሮሞ አንቺም ሳታውቂ አትቀሪምና ስትሳሳት አርሚያት። ተበልቶ ካለቀ በኋላ ሳህኑን አንቺ አንሺው።

ምዝገባው ሲጠናቀቅ ጻፊልኝ፤ ስንተኛ ክፍል እንደ ገባች ማወቅ እፈልጋለሁ።