ያልበረደ ድንጋይ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት መሐንዲስ «ከብረት ፋብሪካ የሚወጣው ስላግ ለትልቅ ሕንፃ መሠረት ይታመናል ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ይታመናል» አልኋትና ተለያየን። ሌሊቱን እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

በ1988 ዓ.ም. አቃቂ አካባቢ አንድ ትልቅ መጋዘን እሠራ ነበር። ቦታው ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። አንድ ሜትር አስቆፍሬ አወጣሁትና በምትኩ ስላግ ለመሙላት ወሰንሁ። ያው የብረት አር ነው፤ ርካሽና ጠንካራ፣ ያለዚያም የሚጣል። በሐሳቤ ኮርቼ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ፎርማናችን በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። አንድ አንኳር አንስተው ውኃ አፈሰሱበትና ቆየት ብለው «ኢንጂነር፣ ይህ ነገር ገና አልበረደም» አሉኝ። በመዳፌ ዳሰስሁት። እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቃዛ ነው። ሠራተኞቹ ፊት ሳቅሁባቸው።

እርሳቸው የሚሉት ኖራ ውኃ ጠጥቶ እንደሚበርደው አልበረደም ነበር። ምድጃው ውስጥ ብረቱን ለማጥራት ኖራ ይጨመራል፤ ከስላጉ ጋር ሳይዋሃድ የቀረው ውኃ ሲያገኝ ያብጣል። ይህንን ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜም አልፌበታለሁ!

ሁለት ክረምት አለፈ። መጀመሪያ በሩ አልዘጋ አለ። ቀጥሎ ወለሉ መሐሉ ላይ እንደ አክንባሎ ጎበጠ። ከሚያብጥ አፈር ሸሽቼ ሌላ የሚያብጥ ነገር ሞልቼበት ኖሯል። ወለሉ ሲፈርስ ያ ጠንካራ አንኳር በጣቶቼ መካከል ዱቄት ሆነ።

የዛሬ ልጆች ኮምፒውተሩ ያወጣውን ቁጥር ይዛችሁ ትመጣላችሁ፤ ጫማችሁን ጭቃ አይነካውም። የእኔ ግን በጭቃ ተለውሶም አልሰማሁም፤ ስለዚህ ነገሩ የጫማ አይደለም።

ያደግሁት ወንጂ ነው። እናቴ ከስኳር ፋብሪካው በሚወጣው የሸንኮራ አመድ ድስት ትፈትግ ነበር። ያ አመድ ደቅቆ ከኖራ ጋር ጥቁር አፈር ውስጥ ቢደባለቅ እብጠቱን እንደሚቀንሰው ያወቅሁት ከሸበትሁ በኋላ ነው።

ለጠያቂዬ መልሴን ላስተካክል። ማዕድን ቀልጦ ጥሬ ብረት ከሚወጣበት ምድጃ የሚገኘው ስላግ ሌላ ነው፤ ደቅቆ ሲሚንቶ ውስጥም ይገባል። የእኔው ዓይነት፣ ብረቱ ከሚጣራበት ምድጃ የሚወጣው፣ ሜዳ ላይ ተከምሮ ውኃ እየጠጣ ወራት ይክረም፤ ከዚያም እብጠቱ በላቦራቶሪ ይለካ። እንዲያም ሆኖ እኔ ለመንገድ እንጂ ከሕንፃ ወለል በታች አላስገባውም።

ፎርማኑን ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ ሌላ ሥራ ላይ፣ በርሜል አጠገብ ኖራ ሲያበርዱ አገኘኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ወለሉ ተነሣ አይደል፣ ልጄ?» አሉኝ።