መልስ፦ ፖለቲካ፣ ዘፈንና ትምህርት በአንድ ፖድካስት

መምህር፣ «ሦስት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከደብረ ማርቆስ ፖድካስት ልንጀምር ነው፤ ፖለቲካን፣ ዘፈንንና ትምህርትን ብንቀላቅል አድማጭ አይሸሽም ወይ?» ላሉት፦ አይሸሽም። የሚያሸሸው ክፍል ውስጥ እንዳላችሁ ማውራት ነው።

ቅይጡ ለጎጃም አዲስ አይደለም። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር ሰሙ ሌላ፣ ወርቁ ሌላ ሲሆን ጆሮ ይቆማል፤ አዝማሪውም ሹሙን የሚወቅሰው በሙገሳ መካከል ነው። ከአንድ የዘፈን ግጥም ተነሡ፤ ፖለቲካው ራሱ ይመጣል። ለትምህርቱ ደግሞ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አለላችሁ፦ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥፋቱ የማን ነው? በዚህ ላይ እንደ ጥንቱ በላ ልበልሃ ተሟገቱ፤ ሦስታችሁም ከተስማማችሁ ቅጂውን አትልቀቁት።

የምትቀዱበት ክፍል ድምፅ ካስተጋባ ግድግዳው ላይ ጋቢ ስቀሉበት።